ከቦሌ እስከ ጂንካ፦ የካሜራ ባትሪ በአየር ጉዞ

የዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት ርዕስ የካሜራ ባትሪና የፎቶግራፍ መሣሪያ በአውሮፕላን የሚጓዙበት ሥርዓት ሲሆን፣ ትኩረቱም ከአዲስ አበባ ቦሌ ተነሥቶ ጂንካ በሚያርፈው የአገር ውስጥ በረራ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ኦሞ የሚጓዝ ፎቶግራፍ አንሺ ከያዘው ዕቃ ሁሉ በአየር ትራንስፖርት ደንብ ዘንድ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ውዱ ካሜራ ወይም ረጅሙ ሌንስ ሳይሆን በመዳፍ ውስጥ የሚገባው ትርፍ ባትሪ ነው። ትርፍ ባትሪ የሚባለው በካሜራው ውስጥ ያልገባ፣ ለመቀያየሪያ ተብሎ በተጨማሪ የተያዘ ባትሪ ሲሆን፣ ደንቡ ይህ ዕቃ ተጓዡ ይዞት በሚገባው የእጅ ሻንጣ ውስጥ ካልሆነ በቀር በሌላ በማናቸውም ቦታ እንዳይጫን ይከለክላል። ክልከላው ከምን እንደ መነጨና በጂንካው በረራ ላይ ተጓዡ ሳያውቀው እንዴት ሊጣስ እንደሚችል በቅደም ተከተል ይብራራል። በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደቡብ ኦሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካሜራ ሲመላለስበት የኖረ አካባቢ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር የሐመርን ሕዝብ፣ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ደግሞ ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያው ዴቪድ ተርተን ጋር በመሆን የሙርሲን ሕዝብ የሚያሳዩ ፊልሞቻቸውን በ1974 ለዕይታ አቅርበዋል። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሐመር ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ያጠኑና የቀረጹ ሲሆን፣ ጂንካ ከተማን ከላይ ሆኖ የሚመለከተው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እንዲቋቋምም ስትሬከር ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ2009 ደግሞ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለው የሙርሲ ተወላጅ ራሱ ካሜራ ይዞ የገዛ ወገኖቹን ኑሮ ያሳየበት ፊልም ወጥቷል፤ ለብዙ ዘመን ሲቀረጽ የኖረው ሕዝብ ራሱ ቀራጭ የሆነበት ይህ ሥራ በአካባቢው የምስል ታሪክ ውስጥ ከቀደሙት ከሁሉም የላቀ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

የቀደሙት ባለሙያዎች ካሜራቸውን ያሠሩበት የነበረው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ እጅግ ከባድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ፈሳሽ በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ በራሱ የሚቀጣጠል አልነበረም። የዛሬው የካሜራ ባትሪ ግን ሊቲየም አዮን የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ባትሪ በሶኒ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ የቀረበው በ1991 ሲሆን፣ ለመፈጠሩ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሊቲየም ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ በመሆኑ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል መያዝ ይቻላል፤ ካሜራው ቀለለ፣ ፎቶ አንሺውም በአንድ ኪስ ውስጥ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ የሚበቃ ኃይል ይዞ መሄድ ቻለ። አደጋው የሚመነጨውም ከዚሁ ከጥቅሙ ነው።

አንዱ የባትሪ ሕዋስ፣ ማለትም ባትሪው ከተሠራባቸው ክፍሎች እያንዳንዱ፣ ሁለት ስስ የብረት ሉሆችን የያዘ ሲሆን፣ ሉሆቹ በመካከላቸው እጅግ የሳሳ የፕላስቲክ መለያ ተደርጎ እንደ ሰሌን ተጠቅልለው በታሸገ ቀፎ ውስጥ ይቀመጣሉ። የተጠቀለለው ሁሉ የሚነከርበት ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ይባላል፤ በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ይህ ፈሳሽ ውኃ ሳይሆን እንደ ነዳጅ የሚቀጣጠል ኬሚካል ነው። ባትሪው ወድቆ ከተጨፈለቀ፣ በፋብሪካ ጉድለት ካለበት፣ ከመጠን በላይ ከተሞላ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ፣ ማለትም ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ፣ በሳንቲም ወይም በቁልፍ ተገናኝተው ሾርት ካደረገ በውስጡ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ወደ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መለያው ፕላስቲክ መቅለጥ ይጀምራል፤ መለያው ሲቀልጥ ሉሆቹ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ ተጨማሪ ሙቀት ይወጣል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ሌሎች ኬሚካላዊ ለውጦችን ያፋጥናል። ባለሙያዎች ቴርማል ራናዌይ የሚሉት ይህን ልጓም ያጣ የሙቀት መጨመር ነው። አንዱ ሕዋስ ወደዚህ ደረጃ ከደረሰ ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ ይሻገራል፤ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ባትሪዎች ተደራርበው ከተቀመጡም ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው ይዛመታል።

የሊቲየም ባትሪ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥር 2013 በጃፓን አየር መንገዶች ሁለት ቦይንግ 787 ድሪምላይነር አውሮፕላኖች ላይ የሊቲየም ባትሪ ችግር ከተከሰተ በኋላ ይህ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ ሲታገድ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጊዜው የነበሩት አራት ድሪምላይነሮችም መሬት ላይ ቆሙ። ማሻሻያው ተሠርቶ ዕገዳው ሲነሣ በሚያዝያ 27 ቀን 2013 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር ድሪምላይነርን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንገደኛ አገልግሎት የመለሰውም ይኸው አየር መንገድ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ 12 ቀን 2013፣ የንግሥተ ሳባን ስም የያዘው የአየር መንገዱ ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በጅራቱ አካባቢ ከጣሪያው በላይ እሳት ተነሣ።

የብሪታንያ የአየር አደጋ ምርመራ ክፍል በ2015 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የእሳቱን መነሻ በዝርዝር አስቀምጧል። እሳቱ የተነሣው ከአውሮፕላኑ ዋና ባትሪ ሳይሆን አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ምልክት ከሚያሳውቅ አነስተኛ መሣሪያ ነው። የዚህ መሣሪያ ባትሪ ገመዶች በክዳኑ ሥር ተጣምመው ተጨፍልቀው ስለነበር ሾርት አደረጉ፤ ሕዋሶቹም ልጓም ባጣው ሙቀት ተያያዙ፤ በዚያ በጣሪያው ውስጥ ባለ ስፍራም የእሳት ማሳወቂያ ወይም ማጥፊያ ሥርዓት አልነበረም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመጀመሪያ የተጠቀሙበት የእጅ ማጥፊያ ሃሎን የሚባለውን ጋዝ የሚረጭ ሲሆን እሳቱን ሊገታው አልቻለም፤ የጣሪያውን ሽፋን ገንጥለው ውኃ ሲረጩበት ግን ጠፋ። የሃሎንና የውኃ ልዩነት የዚህን ትምህርት ፍሬ ነገር ያስረዳል፦ ሃሎን ነበልባልን ያፍናል፣ ነገር ግን አያቀዘቅዝም፤ የተቆጣ ባትሪ ደግሞ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዝ ነው። ለማቀዝቀዝም የሰው እጅ መድረስ አለበት።

ትርፍ ባትሪ በመንገደኛው ክፍል እንዲሆን የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ተጓዦች እሳት ሊያስነሣ የሚችል ዕቃ ከሰው ርቆ በጓዝ ክፍል ቢቀመጥ ይሻላል ብለው ያስባሉ፤ ሐሳቡ ከመጀመሪያ እይታ ትክክል ቢመስልም የተገላቢጦሽ ነው። በመንገደኛው ክፍል ባትሪ ቢጨስ ሽታውን የሚያሸት፣ ጭሱን የሚያይ ሰው አለ፤ የሠለጠነች አስተናጋጅ አለች፤ ውኃ አለ። በጓዝ ክፍል ውስጥ ግን ባትሪው ልብስ፣ ወረቀትና የሽቶ ጠርሙስ በታጨቀበት ሻንጣ ውስጥ ብቻውን ይነዳል፤ በዚያ ክፍል ያለው የማጥፊያ ጋዝም ነበልባሉን ለጊዜው ቢያፍነው እንኳ ሙቀቱን አይገታም። በመስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣው የዩፒኤስ ጭነት አውሮፕላን፣ ብዛት ያለው የሊቲየም ባትሪ ጭኖ ሳለ በጭነት ክፍሉ በተነሣ እሳት ወድቆ ሁለቱ አብራሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻቸው የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይሄዱ ያገደ ሲሆን፣ በጭነት አውሮፕላን የሚሄዱትም ከሙሉ አቅማቸው ከ30 በመቶ በላይ ኃይል እንዳይዙ ወስኗል። ሙሉ ኃይል የያዘ ባትሪ ሲቆጣ ግማሹን ከያዘው ይበልጥ ይበረታል።

በመንገደኛው እጅ የሚያዘው ባትሪም ቢሆን መጠን ተበጅቶለታል። የመጠኑ መለኪያ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ይህም ባትሪው በሙሉ አቅሙ የያዘውን ኃይል የሚገልጽ ሲሆን፣ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ ይገኛል። ለምሳሌ አንድ የተለመደ የዘመናዊ ካሜራ ባትሪ በጀርባው ላይ 7.2 ቮልትና 2,280 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ቢኖረው፣ ሚሊአምፔሩ ለ1,000 ተካፍሎ 2.28 ይሆናል፤ 7.2 በ2.28 ሲባዛ 16.4 ዋት ሰዓት ይመጣል። ደንቡ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለውን ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ስለሚፈቅድ ይህ ባትሪ ከገደቡ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከ100 በላይ ሆኖ እስከ 160 ዋት ሰዓት የሚደርሰው የአየር መንገዱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን በትርፍነት መያዝ የሚቻለውም ሁለት ብቻ ነው፤ ከ160 በላይ የሆነው በመንገደኛ ሻንጣ ከነጭራሹ አይጓዝም። ትንንሾቹም ቢሆኑ ቁጥራቸው ያለ ገደብ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ አየር መንገዱ ሌላ ካልፈቀደ በቀር ለአንድ ሰው 20 ትርፍ ባትሪ ያስቀምጣል።

ለፎቶ አንሺ ይህ ገደብ እምብዛም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው የቴሌቪዥንና የዘጋቢ ፊልም ባለሙያውን ነው። በትልልቅ የቪዲዮ ካሜራዎች ጀርባ የሚሰካው ባትሪ 14.4 ቮልትና 6.8 አምፔር ሰዓት ከሆነ 98 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ አምራቾች በዚህ ልክ የሚሠሩትም የአየር ጉዞውን ገደብ አስበው ነው። ከዚያ ከፍ ያለውን የሚገዛ የፊልም ቡድን ግን ትኬት ሲቆርጥ ለአየር መንገዱ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ለፍተሻ ከቆሙ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ በረራ ያስመልጣል። በስልክ ቻርጅ ማድረጊያነት የሚታወቀው ፓወር ባንክም በደንቡ ዘንድ እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ትርፍ ባትሪ ይቆጠራል። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት፣ 30,000 የሚለው ደግሞ 111 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ሁለተኛው ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው ይመደባል። በጥር 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ለመነሣት ሲዘጋጅ ተቃጥሎ የምርመራው ግኝት ወደ ፓወር ባንክ ካመላከተ ወዲህ በርካታ አየር መንገዶች በበረራ ላይ አጠቃቀሙን አጥብቀዋል፤ ስለዚህ ተጓዡ የሚሳፈርበትን አየር መንገድ ወቅታዊ መመሪያ ከጉዞው በፊት ማየት አለበት።

አሁን ወደ ጂንካው በረራ ይኬዳል። የቀድሞው የጂንካ ማረፊያ በከተማው መሀል የተዘረጋ ሣር የለበሰ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ በረራው የሚያርፈው ባኮ በሚባለው አዲሱ ኤርፖርት ነው። በዚህ መሥመር የሚሠማራው ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ከ70 በላይ መንገደኛ ቢይዝም፣ ከመንገደኛው ራስ በላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያ በትልልቆቹ ጄቶች ውስጥ ካለው በጣም ያነሰ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሰፊ አውሮፕላን መጥቶ በቦሌ የሚቀይር ፎቶ አንሺ የካሜራ ሻንጣውን እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያለ ችግር ከራሱ በላይ አስቀምጦ ይመጣል፤ ወደ ጂንካ ሲሳፈር ግን ያው ሻንጣ አልገባ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ ሠራተኞች ሻንጣውን በአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ተቀብለው ወደ ጓዝ ክፍል ይወስዱታል። ከፍተሻው በእጅ ሻንጣነት ያለፈው ዕቃ በዚያች ቅጽበት የጓዝ ሻንጣ ሆነ፤ በውስጡ ያሉት ባትሪዎችም ከተፈቀደላቸው ቦታ ወደ ተከለከለው ቦታ ተሻገሩ ማለት ነው። ደንቡ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ የእጅ ሻንጣ በደረጃው ሥር ሲወሰድ ትርፍ ባትሪ፣ ፓወር ባንክና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከውስጡ ወጥተው ከመንገደኛው ጋር እንዲገቡ ያዝዛል። ይሁን እንጂ መሳፈሪያው ሜዳ ላይ፣ የፕሮፔለር ድምፅ በሚሰማበት፣ ሰልፉ ከኋላ በሚገፋበት ሰዓት ሻንጣ ከፍቶ ከስፖንጅ መከፋፈያዎች መካከል ስድስትና ሰባት ባትሪ መልቀም የማይመች በመሆኑ፣ ብዙው ሰው ሻንጣውን እንደ ተዘጋ አስረክቦ ይሳፈራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሆኖም ቤት ሳሉ የሚሠራ እንጂ ደረጃው ሥር የሚታሰብ አይደለም። ባትሪዎቹ ሁሉ በካሜራ ሻንጣው ውስጥ ከመበታተን ይልቅ ዚፕ ባላት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ተሰብስበው በሻንጣው የላይኛው ኪስ መቀመጥ አለባቸው፤ ሻንጣው ከተወሰደ ቦርሳዋ በአንድ እንቅስቃሴ ተመዝዛ ትወጣለች። በቦርሳዋ ውስጥም እያንዳንዱ ባትሪ ለየብቻው መሆን ይኖርበታል። ባትሪው ሲገዛ አብሮት የሚመጣው የፕላስቲክ ክዳን የብረት ጫፎቹን የሚሸፍን ሲሆን፣ ክዳኑ የጠፋበት ባትሪ ጫፎቹ በፕላስተር ተለብጠው በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ለብቻው ይታሰራል። ለፍላሽ የሚያገለግሉት ክብ የባትሪ ድንጋዮችም ቢሆኑ ልቅ ሆነው ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ ውስጥ አይቀመጡም፤ በተለይ ሁለቱም ጫፎቻቸው ጎን ለጎን የሆኑት የማይክሮፎን ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች በአንዲት ሳንቲም ብቻ ሾርት ስለሚያደርጉ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንድ ባትሪ በካሜራው ውስጥ እንደ ገባ መጓዝ ይችላል፤ በመሣሪያ ውስጥ ያለ ባትሪ ትርፍ አይባልምና። ካሜራው ራሱ ወደ ጓዝ ክፍል መግባቱ ግድ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ሳያስቡት እንዳይበራና እንዳይጨፈለቅ ተጠቅልሎ መሆን አለበት።

የእጅ ሻንጣ ክብደትም በዚሁ ላይ የራሱን ጫና ያሳድራል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ክፍል መንገደኛ ይዞት የሚገባው አንድ ሻንጣ 7 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ሁለት ካሜራና አንድ ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው እዚህ ክብደት ላይ ፈጥኖ ይደርሳል። በሚዛኑ ፊት ክብደት ለማቅለል ሲባል መጀመሪያ ወደሚመዘነው ሻንጣ የሚወረወረው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀርና የባትሪ ከረጢት ነው፤ ቻርጀሩ መሄድ ይችላል፣ ባትሪው አይችልም። የካሜራ መቆሚያው፣ የብርሃን አንጸባራቂውና ገመዶቹ በሚመዘነው ሻንጣ ቢገቡ የእጅ ሻንጣው ይቀላል። አቧራ ለማራገፍ የሚያገለግለው በጣሳ የታመቀ አየር በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም፤ በእጅ የሚጨመቀው የጎማ መንፊያ ይተካዋል።

ድሮንን በተመለከተ ጉዳዩ ከባትሪ ያለፈ ነው። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም ሆነ ማብረር ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ፈቃድ ሳይዝ የመጣ እንግዳ መሣሪያውን ቦሌ ጉምሩክ አስይዞ ይሄዳል።

ከውጭ አገር በሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆች እጅ ዕቃ የመላክ ልማድም በዚህ ረገድ መታየት ያለበት ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው ያዝልኝ ተብሎ የሚሰጠው የታሸገ ጥቅል በውስጡ ባትሪ ካለበት፣ ተሸካሚው ሳያውቅ በሚመዘነው ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል። ለመንገደኛ የተፈቀደው ደግሞ ለራሱ መገልገያ የሚሆን ባትሪ እንጂ ለሽያጭ የሚመጣ ሸቀጥ አይደለም። ላኪው በጥቅሉ ውስጥ ባትሪ መኖሩን በግልጽ የመናገር፣ ተሸካሚውም ከፍቶ የማየት ኃላፊነት አለበት፤ ይህን መጠየቅ በዘመድ ላይ ጥርጣሬ እንደ ማሳየት ሊቆጠር አይገባም። ከኦሪጅናሉ በብዙ እጥፍ ረክሶ የሚሸጥ ኮፒ ባትሪም በውስጡ ሊኖር የሚገባው የመከላከያ ሰርኪት የጎደለው ወይም በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከእውነቱ የራቀ ሊሆን ይችላል። ዋት ሰዓቱ ወይም ቮልቱና አምፔር ሰዓቱ የማይነበብ ባትሪ በፍተሻ ላይ የሚያስረዳለት ስለሌለ ሊያዝ ይችላል።

ፎቶ አንሺው ብዙ ባትሪ ለመያዝ የሚገደድበትን ምክንያትም መረዳት ተገቢ ነው። የደቡብ ኦሞ የሥራ መርሐ ግብር የሚቃኘው በገበያ ቀናት ነው፤ ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ደግሞ ጂንካና ዲመካ ይቆማሉ። ከጂንካ ወጥቶ ወደ ሐመር ወይም ወደ ዳሰነች የሚወርድ ሰው በየመንደሩ የካሜራ ባትሪ የሚገዛበት ሱቅ አያገኝም፤ በየካምፑ ያለው ኃይልም በአብዛኛው ጄኔሬተሩ በሚሠራባቸው የማታ ሰዓታት ወይም በፀሐይ ኃይል የተወሰነ ነው። ስለዚህ ባትሪ አታብዙ ማለት ከእውነታው ጋር አይሄድም፤ ሊባል የሚገባው አብዝታችሁ ያዙ፣ ግን በሥርዓቱ ያዙ ነው። ጂንካ ከተማ የኤሌክትሪክ መሥመር ያላት በመሆኑም ሁሉንም ባትሪ ከአዲስ አበባ ሞልቶ መምጣት አያስፈልግም፤ አንዱንና ሁለቱን ሞልቶ የቀሩትን በከፊል ኃይል ይዞ በመብረር ጂንካ ሲደርሱ በሆቴል መሙላት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ሙቀቱ ነው። ጂንካ ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለባትሪ ይመቻል፤ ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከፍታው ከ400 ሜትር በታች ወደ ሆነ ቆላ ይገባል። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከውጩ አየር እጅግ ይሞቃል፤ በዳሽቦርድ ላይ ወይም በኋላው መስኮት ሥር የተተወ ባትሪም አቅሙ ከመቀነሱ ባሻገር ሊያብጥ ይችላል። ማበጥ በውስጡ ያለው ኬሚካል ተበላሽቶ ጋዝ መፍጠሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ሙቀቱ ከ40 ወይም ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ባትሪ መሙላትን ስለማይመክሩ፣ ከመኪናው ሶኬት ጋር የተያያዘ ቻርጀር በቀትር ሐሩር ከሚሠራ ይልቅ መኪናው በሚንቀሳቀስበት የጠዋት ሰዓት ቢሠራ ይመረጣል። ለመጠበቂያነትም ጥላ ይበቃል፤ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ መክተት ግን እርጥበት ስለሚያመጣ ሌላ ጉዳት ያስከትላል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የመልስ በረራው ነው፤ ስለ ባትሪ የሚሰጡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመሄጃው ላይ በመሆኑ ይህ ክፍል ይዘነጋል። ተጓዡ ከቤቱ ሲነሣ ባትሪዎቹ ክዳናቸውን እንደ ለበሱ በቅደም ተከተል የተሰደሩ ነበሩ። ከሳምንት ሥራ በኋላ ግን ክዳኖቹ በየመንደሩ ወድቀው ቀርተዋል፤ ባትሪዎቹ በአቧራና በላብ ተለውሰዋል፤ አንዱ ከመኪና ላይ ወድቋል፤ ሌላው በሐሩር ውሏል። ሻንጣውንም የሚያሰናዳው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን በረራው እንዳያመልጥ የሚቸኩለው ረዳት ወይም ሹፌር ነው። በመሄጃው ጤነኛ የነበረ ባትሪ በመልሱ የተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡም የተጎዳ፣ ያበጠ ወይም አምራቹ ከገበያ የሰበሰበው ባትሪ በእጅ ሻንጣም ቢሆን እንዳይበር ይከለክላል። ባትሪው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከወለሉ ጋር የማይገጥም፣ መሀሉ ጎበጥ ያለ ወይም ወደ ካሜራው ለመግባትና ለመውጣት የሚያስቸግር ከሆነ አብጧል።

በጂንካ፣ በቱርሚና በቀይ አፈር እንግዳ የምታስተናግዱ አስጎብኚዎች፣ ሹፌሮችና የካምፕ ሠራተኞች በመልሱ ዋዜማ እንግዳው ባትሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ እንዲያይ አሳስቡት፤ ክዳን ለጠፋባቸው ፕላስተር አቅርቡለት፤ ያበጠ ከተገኘም በቆሻሻ ገንዳ እንዳይጣል፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በአሸዋ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጉ። በአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ሻንጣ ሲወሰድ ደግሞ የባትሪዋን ቦርሳ እንዲያወጣ ኤርፖርት በር ላይ ስትሰናበቱት አስታውሱት።